ጎማው ውስጥ የተገኘው ስፖንጅ

ስለ መኪና ጎማ ጩኸት ላወጋችሁ ነው ስል ከወዲሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ ይታወቀኛል። ፈገግ በሉ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ቡናው ሳይቀዘቅዝ እየጠጣችሁ አድምጡኝ፣ ወጉ ረዘም ይላልና። የሚጀምረውም ከጎማው ሳይሆን ከአጎቴ ጆሮ ነው።

አጎቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ኤንትሬን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ ያንን ዳገት ሲወጣ ተራራው ራሱ የሚያቃስት የሚመስለውን የፊያት ጭነት መኪና። እሱን ይዘው ከአዲስ አበባ ሌሊት ይነሱና፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከዚያም የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተው፣ ኮምቦልቻ አድረው፣ በነጋታው በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ሲወርዱ ጋቢው ይወልቃል፣ ሹራቡ ይወልቃል፣ ሚሌ ሲደርሱ ሸሚዙም ይወልቅና በካናቴራ ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀት ጎማ የሚያፈነዳ ሙቀት ነው። ስለዚህ በቆሙበት ሁሉ ረዳታቸው ብረት ይዞ ይወርድና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል፣ እሳቸው ደግሞ ጋቢና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ደህና የተነፋ ጎማ ብረቱን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ የተነፈሰው ግን ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። «ከኋላ በስተግራ፣ የውስጠኛው» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ ረዳቱም ይፈታዋል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ እንዲህ ኖሩ። ከዚያም ዓይናቸው ደከመ፣ ጉልበታቸው ደከመ፣ ጆሯቸው ግን ሚሌ ላይ እንደነበረ ቀረ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብን ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው ናት፣ ያውም በደግነት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለከል ጊዜ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቀለቀች፤ እሷም «አባዬ በታክሲ ሰልፍ አይንገላታ» ብላ ገንዘብ ላከችና አንዷን አስገዛች። የመኪናዋን ስም አልነግራችሁም፣ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና ስሟን ማንሳት አይገባም። አጎቴ መንጃ ፈቃድ ማሳደስ ከተዉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ነጂው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ከጎኔ ተቀምጠው፣ ቀበቷቸውን አስረው፣ ትንሽ ጠበቁና «አስነሳት እንጂ» አሉኝ። ያን ጊዜ ከግቢው ወጥተን የጎረቤቱን ሱቅ አልፈናል።

ኅዳር ላይ ለክርስትና አዳማ ተጠራን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጤፉ በየማሳው ቢጫ ሆኖ አጨዳውን ይጠብቃል፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ተያያዝነውና ገና መቶ ስንሞላ አጎቴ እጃቸውን አነሡ፣ ራዲዮኑን ዝጋ ማለታቸው ነው። ዘጋሁ። ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያም «ሞተሩ ዝም ሲል ጎማው ተራ አገኘ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የማንኛውም የቤት መኪና ፍጥነት በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ የሚበልጠው የጎማው ድምፅ ነው፣ ሞተሩ አጀብ ብቻ ይሆናል። በቤንዚን መኪና ግን ያ አጀብ ይሸፍነዋል፤ በኤሌክትሪኳ የሚሸፍንለት የለም፣ በዚያ ላይ ባትሪው ከብዶ ይጫነዋል። እስቲ አንድ ጊዜ መዳፋችሁን ጎድጎድ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ያ «ጧ» የሚለው በመዳፋችሁ ውስጥ የታፈነው አየር ሲያመልጥ ነው፤ የጎማው ጥርስም አስፋልቱን እንዲሁ ነው የሚያጨበጭበው፣ በጎድጓዱ የያዘውን አየር እየጨመቀ እየተፋ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ የጎማውን ጥርሶች ሆን ብለው አንዱን ሰፋ፣ አንዱን ጠበብ የሚያደርጉት፤ ሁሉም እኩል ቢሆኑ በአንድ ቃና ተባብረው ይጮኹ ነበር። ይህ የውጭው ነው። የውስጡ ደግሞ ሌላ ነው፦ ጎማ ማለት በአየር የተሞላ ከበሮ ነውና መንገዱ በመታው ቁጥር ሆዱ ውስጥ ያለው አየር በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ እየተርገበገበ ያስተጋባል። ይህን ከበሮ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ክርስትናው አማረ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ስንመለስ አጎቴን የድሮውን መንገድ ማየት አማራቸውና በሞጆና በቢሾፍቱ አድርገን መጣን፤ ዱከምን ስንቃረብ ከኋላ በስተቀኝ ያለው ጎማ መተንፈስ ጀመረ። ሚስማር ነው። ወዲያው ደግሞ አሮጌ ጎማ የተሰቀለበት፣ «ጎሚስታ» ተብሎ በቀለም የተጻፈበት የቆርቆሮ ቤት አገኘን፤ ባለቤቱ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ እጁም ፈጣን ነው። አጎቴ ማዶ ካለችው ቡና ሻጭ ዘንድ ተቀመጡ፣ እኔ ከልጁ ጋር ቀረሁ። ክሪክ ገባ፣ ጎማው ወረደ፣ ሚስማሩ ተነቀለ፣ ከዚያም ልጁ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀና ወደ ውስጥ ሲያይ እጁ ቆመ።

ውስጡ ስፖንጅ አለ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከዳር እስከ ዳር ዙሪያውን የተለጠፈ ስፖንጅ።

«ጋሼ፣ ሸውደዋችኋል!» አለኝ፣ እኔን። ወዲያው ሁለት ሊስትሮዎች፣ አንድ የባጃጅ ሾፌርና መንገደኛ ሁሉ ከበቡን። አንዱ «ፍራሽ ጠቅጥቀው ነው የሸጡላችሁ» አለ፤ ሌላው «ኮንትሮባንድ የመጣበት ነው፣ ውስጡን ፈትሹት» አለ፤ ባለ ባጃጁ ደግሞ በጣቱ ተጫን አደረገውና «የውሃ ነው፣ ዝናብ እንዲመጥ» ብሎ ፈረደ። እኔ፣ አጎቴን ያህል የጎማ ሊቅ ቤት ያደግሁት ሰው፣ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «አውጣው» አልኩ። ልጁም በቢላ እየፋቀ አወጣው፣ ቀዳዳውን በማስቲሽና በፓች ደፈነ፣ ከዚያም ቆም ብሎ «ሦስቱ ከነስፖንጃቸው ሆነው አንዱ ብቻ ባዶ ቢሆን ሚዛን አይጠብቅም» አለኝ። ልክ መሰለኝ። አራቱም ተፋቁ። ሲነፋም የሁሉንም 30 አድርጎ ነፋ፤ የሹፌሩ በር ሲከፈት ጉበኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት 38 ትል እንደነበር ያየሁት ከወራት በኋላ ነው።

አጎቴ መንገዱን ተሻግረው ሲመጡ የስፖንጁን ክምር አዩት። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ። «ቆሻሻ ነው፣ አባባ» አላቸው ልጁ። በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፣ ምንም አላሉም፣ ገብተው ተቀመጡ። ገላን አልፈን ጠጠሩ ያገጠጠ አስፋልት ላይ ስንወጣ ግን ያ ከበሮ ያልኳችሁ ተመታ። ከወለሉ ሥር፣ ከወንበሩ ሥር፣ ደረት ላይ የሚያርፍ ወፍራም «ሁምምም» መጣ። አጎቴ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ቆሻሻው ደህና ቆሻሻ ነበር» አሉኝ።

ነበር እንጂ። ያ ስፖንጅ ፋብሪካው አስቦበት የለጠፈው ነው፤ የጎማው ሆድ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ እንዲጠጣ፣ በተለይ ሞተራቸው ዝም ለሚል ለእንደዚህ ያሉት መኪናዎች። እንዲህ ያለ ጎማ ሲበሳ የሚደረገው ቀዳዳው ባለበት ቦታ ብቻ መዳፍ በምታህል ስፋት ስፖንጁን ቆርጦ አንስቶ፣ ፓቹን ለጥፎ፣ ባላንሱን አስተካክሎ መሄድ ነው። በልጁ አልፈርድም። እሱ በሕይወቱ የማያውቀውን ነገር አየ፤ እውነተኛው ጥፋተኛ ሳይጠይቅ «አውጣው» ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ምክር ብዛት አልነግራችሁም፣ ይመሻል። አንዱ ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፍ አለኝ፣ አነጠፍኩ፤ ሌላው ሆዷን ካትራሜ አስቀባ አለኝ፣ አስቀባሁ፣ ለሦስት ሳምንት ሬንጅ ሬንጅ ሸተተችን፤ የበሮቹን ጎሚኒ ቀየርኩ፤ የነፋሱ ድምፅ ጥቂት ቀነሰ፣ የወለሉ ግን ያው። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ጎማውን ጭራሽ ለስለስ አድርገው፣ 25 በቂው ነው ሲል አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ «በአፋር መንገድ የተነፈሰ ጎማ ይዞ የሄደ ሰው ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ» ብለው አስቆሙት። ልጃቸው በስልክ ስታዋየን ጩኸቱን ትስማው ብዬ እየነዳሁ አጎቴ ስልኩን ወለሉ ላይ አጋደሙት። ቆየችና «አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው መሰል፣ አይሰማም» አለች። ከእኛ በስተቀር የሚሰማው አልነበረም፤ እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ መንዳት ልማድ ሆነ። ለካስ ከዚያ ራዲዮን ሥር ሌላ ጩኸት እየተወለደ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ይመስለኛል፣ ከፋሲካ በኋላ፣ «ሁምምም» የነበረው «ው… ው… ው…» ሆነ፤ ከፍጥነቷ ጋር የሚፈጥን፣ ስትቀዘቅዝ የሚዘገይ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ጊዜ ነድቶ ተመለሰና «ኩሽኔታ ነው፣ የኋላ ሁለቱም ይቀየሩ» አለ፤ ዋጋውንም ነገረኝ፣ ጉልበቴ ላላ። ቤት ገብቼ ለአጎቴ ስነግራቸው «እሑድ ንጋት ላይ ቀለበት መንገድ ውሰደኝ» አሉ እንጂ ሌላ አላሉም።

ወሰድኳቸው። ቅዳሴ የሚሄዱ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በየዳሩ ይታያሉ፣ ጭጋጉ ገና አልተነሣም፣ መንገዱ ባዶ ነው። «60 ላይ ያዝ» አሉኝ፣ ያዝኩ። «አሁን መሪውን ወደ ግራ ሳብ፣ ወደ ቀኝ መልስ፣ ቀስ ብለህ፣ እንደ እስክስታ» አሉኝ፤ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል ሸክሙ በዚያ ጎን ኩሽኔታ ላይ ያርፋልና ኩሽኔታው ከሆነ ድምፁ ያን ጊዜ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ምንም አልተለወጠም። ጥቂት ሄደን ደግሞ መንገዱ የተጠጋገነበት፣ ሸካራው ላይ ደረስን፤ ጩኸቱ ወዲያው መልኩን ለወጠ። አጎቴ መኪናዋን ዳር አስያዙኝ። «ኩሽኔታ መንገድ አይመርጥም፣ ጎማ ነው የሚመርጠው» አሉ።

ወረዱ። ይህን ነገር ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንድ ጉልበታቸውን ኩታቸው ላይ አንበረከኩና የኋላውን ጎማ፣ የሕፃን ራስ እንደሚዳስስ ሰው፣ በመዳፋቸው ወደ ፊት ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ኋላ መለሱት። ከዚያ እጄን ይዘው እዚያው አስቀመጡት። ወደ ፊት ሲሄድ ልስልስ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን የእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ መጋዝ ነው። ጎማው እኩል አልተበላም። አንዱ የጥርሱ ጠርዝ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ በየዙሩ አስፋልቱን በጥፊ ይመታዋል፣ «ው… ው… ው…» የሚለውም እሱ ነው። አመጣጡም ግልጽ ነበር፦ ከወራት በፊት አንድ ጉድጓድ ገብተን ነበር፣ እሱ አላይመንቱን አዛብቶታል፣ ጎማዎቹን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊት ወደ ኋላ ማቀያየር ሲገባኝ አንድም ቀን አላቀያየርኩም፣ ጎማዋም በ30 ተነፍቶ ስትሄድ ኖራለች። ራዲዮኑን ከፍ ባላደርግ ገና ሲጀምር እሰማው ነበር።

አላይመንት ለማስደረግ ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ጎማ የማውቀውን ለአጎቴ አወጋኋቸው። በአየር የሚነፋ ጎማን እ.ኤ.አ. በ1845 መጀመሪያ ያስመዘገበው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ያኔ መኪና የለም፣ ሠረገላ ነው፣ የብረት ጠርዝ ያለው መንኮራኩር በድንጋይ መንገድ ሲንኳኳ ከተማ ያደነቁራል፣ እሱም በማመልከቻው ላይ የሠረገላን ጩኸት መቀነስን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፎታል። ሰው ሳይቀበለው ቀረና ተረሳ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ ቤልፋስት የሚኖር የከብት ሐኪም፣ ለትንሹ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንደገና ፈጠረው። «የከብት ሐኪም?» አሉ አጎቴ፣ በጣም ገረማቸው፤ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ስለ ፊኒክስ ነገርኳቸው፦ በአሪዞና በረሃ ባለችው በዚያች ከተማ ያረጀ ጎማ ፈጭተው ከሬንጅ ጋር እየቀላቀሉ መንገዱን ያነጥፉት ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮም አውራ ጎዳናዎቹን ጸጥ ለማሰኘት ብለው በሰፊው አልብሰውበት ነበር። አጎቴ ቆዩና «እኛ ደግሞ በርባሶ ሠርተንበት ስንት ዘመን በእግራችን ሄድንበት» አሉ። የበርባሶ ድምፅ ግን ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

መካኒኩ፣ ምስጋና ይድረሰውና፣ ተሳስቻለሁ ለማለት አልከበደውም። አላይመንቷ ተስተካከለ፤ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ስናዞር ጩኸቱም ተከትሎ ወደ ፊት መጣ። ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ኋላ በቀረ ነበር። ነገር ግን አንዴ መጋዝ የሆነ ጎማ አይመለስምና አራት ጎማ ልንገዛ ሄድን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፣ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያው ሱቅ «አዲስ ነው፣ ከነፕላስቲኩ» ብሎ አቀረበልን። አብራን የመጣችው የአጎቴ የልጅ ልጅ ጎንበስ ብላ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበበችልን፤ 3518። በ2018፣ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ.። ጎማ ሳይሄድም ያረጃል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ ይጮኻል፣ እርጥብ መንገድም አይዝም። ወጣን። ሁለተኛው ሱቅ ዘንድ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ጎማዎች ነበሩ፣ ወረቀታቸው ገና አልተላጠም፤ እዚያ ወረቀት ላይ ከታች የድምፅ ምልክት አለ፣ ከጎኑም የዴሲቤል ቁጥር። አንዱ 72 ይላል፣ አንዱ 68። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ያቺ አራት ቀልድ አይደለችም። ቁጥሩ የሚለካው ከውጭ፣ በአላፊ አግዳሚው ጆሮ በኩል መሆኑን አትርሱ፤ ቢሆንም ውስጥ ላለነውም ደህና ምልክት ነው። ባለ ስፖንጁን በልካችን አላገኘንም፣ ባለ 68ቱን ገዛን፣ 38 አስነፋን።

ግንቦት ውስጥ ደግሞ አዳማ ሄድን። ዝም አለች ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሸካራው መንገድ ላይ ያቺ ከበሮ ዛሬም ትሰማለች፣ «ው… ው…» ግን የለም። ስንመለስ አጎቴ በድሮው መንገድ እንድንሄድ ፈለጉ፣ ዱከም ስንደርስ ደግሞ «ቁም» አሉኝ። ያ ልጅ ሮጦ መጣ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አላቸው። አጎቴም ደንበኛ እንደሆኑ፣ ምንም ሳይቆጡ፣ ስለ ስፖንጁ አንድ በአንድ ነገሩት፤ የት እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥ በምርኩዛቸው መሬት ላይ ሥለው አሳዩት። ልጁ ራሱን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እንደዚህ ያሉ መኪናዎች መጥተውለት፣ የሦስቱንም በትክክል እንደሠራ ነግሮኛል።

የእኛን ስፖንጅ አልጣለውም። በጨርቅ ሰፍቶ በርጩማ ላይ አልብሶታል፣ ጎማ እስኪሠራ የሚጠብቅ ደንበኛ ይቀመጥበታል። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ እዚያው ላይ ተቀምጠው ሁለት ስኒ ቡና ጠጡ።